ጥቁር የሌለው ሰዓሊ

የደብረ ምጽላሉ ቄሰ ገበዝ ዘርዐ ቡሩክ በየማለዳው የቁልፍ ዘለላቸውን ይዘው ግቢውን መዞር ልማዳቸው ነበር። የደብሩ ንብረት ጠባቂ ናቸውና መጀመሪያ ዕቃ ቤቱን ከፍተው ልብሰ ተክህኖውን ብል እንዳልነካው ያያሉ፤ ቀጥለው የከበሮዎቹን ጠፍር በጣታቸው መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ቁርጥማት የያዘውን እግራቸውን እየጎተቱ በግቢው ምዕራባዊ ጥግ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ወደተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። አዲሱ ሕንፃ ገና አልተባረከም፤ ታቦት የሚገባው ለትንሣኤ ነበር። በእግራቸው ምክንያት ከግቢው ውጭ ከረገጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከተራራው በታች ያለው አገር ሁሉ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አያውቅም።

የአዲሱን ሕንፃ በር ሲከፍቱ የሚቀበላቸው ሽታ ነው፤ የተቀቀለ የቆዳ ሙጫ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ያልደረቀ ጭቃ። ከሽታው በኋላ ጨለማው ይመጣል። ሰዓሊው ሲኖዳ መስኮቶቹን ሁሉ በበሬ ቆዳ ደፍኖ፣ በሰሜን በኩል ያለውን አንዱን ብቻ በስንዝር ያህል ገርበብ አድርጎ ነበር የሚሠራው፤ ብርሃኑ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ከግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ጣራውም ወለሉም ሰውየውም፣ አይታይም። ቄሰ ገበዙ ዓይናቸው እስኪለምድ በሩ ላይ ቆመው የብሩሹን ድምፅ ይሰማሉ። ድመት ወተት ስትልስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነበር።

ሲኖዳ ጎንደርን ያስቸገረ ሰው ነው። ድጓ የዘለቀ፣ ቅኔ የተቀኘ ደብተራ ሆኖ ሳለ፣ ሥዕል ሲማር ግን ከመምህሩ ናሙና አልገለብጥም ብሎ ብራናውን ቀዶ የወጣ ነው። ሰዎቹን ከናሙና ሳይሆን ከሰው ፊት ነበር የሚስለው። ለአንዱ ደብር መላእክቱን በጠጅ ቤት አዝማሪዎች መልክ ሠርቶ ተባረረ፤ ለሌላው ደብር ሰይጣንን በአለቃው መልክ ሠርቶ ተገረፈ፤ ለሦስተኛው የሠራውን እንኳ ማንም አፉን ሞልቶ አይናገርም። በመጨረሻ ገበጣ ሲጫወት ዓምዴ ከሚባል ወታደር ጋር ተጣልቶ፣ በጩቤ ወግቶ ገደለውና ሦስት ቀን ሮጦ ደብረ ምጽላል ገባ። ገብቶም ደወል ደወለ።

ደወል የደወለ ነፍሰ ገዳይ ከግቢው እስካልወጣ ድረስ ደመኛ አይነካውም። የሟች ሁለት ወንድሞች ከቆላ ድረስ ዱካውን ተከትለው መጥተው ከተራራው ሥር ካለው የወንዝ መልካ ላይ ሰፈሩ፤ ገዳዩን በስም እንጂ በመልክ አያውቁትም፤ መንገዱ ግን አንድ ብቻ ነውና ቁጭ ብለው ጠበቁ። ቄሰ ገበዙም ለሲኖዳ፦ «ትበላለህ፣ ትጠጣለህ፣ ማንም አይነካህም። ግድግዳዬን እስክትጨርስ» አሉት። ሲኖዳ ሳቀ። ጥርሱ ላይ ቢጫ ቀለም ነበር።

ቄሰ ገበዙ ከዚያ ግድግዳ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ፣ በደረቱ ተኝቶ ሲማጠን፣ ስሙ ከራስጌው ተጽፎ ይሣላል፤ እሳቸውም እንዲያ መሣል ይፈልጉ ነበር፤ በሁለት ዓይን። የጻድቅ ፊት ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፣ የኃጥእ ፊት ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን፤ ይህን ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ያውቀዋል። ቄሰ ገበዙ በወጣትነታቸው ለርስት ብለው የገዛ ወንድማቸው ላይ በሐሰት ምለው፣ ወንድማቸው በትሩን ብቻ ይዞ ከአገር ወጥቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ዓይን ያለው ሥዕል ሲያዩ አንገታቸው ላይ ይቀዘቅዛቸዋል፤ ይፈራሉ። ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይን ካገኙ በሰማይም የሚከራከራቸው ያለ አይመስላቸውም ነበር።

ሲኖዳ የመረጠው ጌታ በአትክልቱ ቦታ ሲያዝ ነው። በመጀመሪያ ጴጥሮስን አወጣ፤ ለመልኩም አያ ቢተው የሚባሉ፣ ከበሩ ሥር የሚለምኑ ሽማግሌ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡለት። በሦስተኛው ቀን ቄሰ ገበዙ ሊያዩ ገብተው ደነገጡ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ስለሚመጣ የጴጥሮስ ቀኝ ፊት እስከ ሽበቱ ፍንትው ብሎ በርቷል፤ ግራው ግን ጨለማው በልቶታል።

«ሐዋርያውን አንድ ዓይን አደረግኸው?» አሉ። «ጴጥሮስን ከይሁዳ ጋር?»

«ሁለተኛውም አለ፣ አባቴ። ጨለማው ውስጥ ነው።»

«አይታይማ።»

«እሱ ግን ያያል» አለ ሲኖዳ፣ ዘወር ሳይል።

ቄሰ ገበዙ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ተዉት፤ ምክንያቱም ሽማግሌው ከግድግዳው ላይ ይተነፍስ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሥዕል በዕድሜያቸው አላዩም። ነገሥታት በሚያሠሯቸው አድባራትም እንዲህ ያለ እንደሌለ እርግጠኛ ነበሩ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ይሄ በበላበት ይናከሳል፣ ግን ይሥራ ብለው ወጡ። በሩን ሲቆልፉ አንድ ነገር ከነከናቸው፤ ምን እንደሆነ ግን ሊያስታውሱት አልቻሉም።

ያስታወሱት በማግስቱ ነው። ቀዩ በቀንድ ውስጥ አለ። ቢጫው በዛጎል፣ ሰማያዊው በሸክላ ስባሪ፣ ነጩ በቅል። ጥቁር ግን የለም። የግድግዳው ሲሶ በጥቁር ተሞልቶ ሳለ ጥቁር የተበጠበጠበት ዕቃ፣ ከሰል ቢሉ ጥላሸት፣ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጣታቸውን ከሥዕሉ ጨለማ ላይ አሳረፉ፤ እርጥብ ነበር፤ አነሡት፤ ጣታቸው ንጹሕ ነው። ቅዝቃዜው ግን እስከ ክርናቸው ወጣ።

«ጥቁሩን ከምንድን ነው የምታወጣው?»

«የሚቀመጥልኝ ሰው ሁሉ ይዞልኝ ይመጣል፣ አባቴ።»

በሳምንቱ አያ ቢተው የግራ ዓይናቸው ሞራ ጋረደው። ሰው ሁሉ እርጅና ነው አለ። ቄሰ ገበዙም እርጅና ነው አሉ። ሽማግሌው ግን ከበሩ ሥር ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ አዲሱ ሕንፃ አዙረው፣ «የሄደው ዓይኔ እዚያ ነው፤ ያያል እኮ፤ ሌት ተቀን ግድግዳ ያያል» ይሉ ጀመር፤ ያገሬው ሰውም ጃጁ ብሎ ተዋቸው። ቄሰ ገበዙ አንድ ማለዳ ጎንበስ ብለው ዓይኑን አዩት። ሞራ አልነበረም። ብሌኑ፣ ያ ክብ ጥቁሩ፣ ከነጭራሹ የለም፤ ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር የተላጠ እንቁላል ሆኗል።

ቀጥላ የተቀመጠችው ስንዱ ናት። ስንዱ ለደብሩ ከመልካው ውሃ የምትቀዳ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሲኖዳ እመቤታችንን በእሷ መልክ፣ ከዛፎቹ ኋላ ቆማ ስታለቅስ ሠራት።

«እመቤታችን በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረችም» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«እናት ናት፤ የት ትሄዳለች?» አለ ሲኖዳ።

ስንዱ መቀመጥ አልፈለገችም ነበር። የአያ ቢተውን ዓይን አይታለች። ቄሰ ገበዙ ናቸው አልቀመጥም ካልሽ ከግቢው ትወጫለሽ ብለው ያስቀመጧት። በአሥረኛው ቀን እንስራዋን ተሸክማ ስትመለስ የበሩን መቃን በትከሻዋ ገጨችው፤ በዚያ በኩል ያለው ዓይኗ ነጥቶ ነበር። እንስራው ተሰበረ። አላለቀሰችም፤ ስባሪውን እየለቀመች በቀረው ዓይኗ ቄሰ ገበዙን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም ገባቸው። በቤቱ ውስጥ ጥቁር የሌለበት ምክንያት ያን ጊዜ ፍንትው ብሎ ገባቸው፤ የተቀማጩ ፊት ብርሃን በማይነካው በኩል ያለው ዓይን ነበር የሚሄደው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሕንፃውን ያቃጥል ነበር። ቄሰ ገበዙ ግን ቁልፋቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡና፣ ለማኝ በአንድ ዓይንም ይለምናል አሉ በልባቸው። ጴጥሮስ አለ፤ ገና አሥር ደቀ መዛሙርት ይቀራሉ። አሥር ነዳያን ከበሩ ሥር ራሳቸው መርጠው፣ ለበረከት ነው ብለው፣ አንድ አንድ ዳቦ አስጨብጠው፣ በየተራ ላኩ። እስከ ዐቢይ ጾም እኩሌታ ድረስ ከደብረ ምጽላል በር ሥር «ስለ ማርያም» የሚለው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚያይ ሆነ። ግድግዳው ግን እንዴት አማረ። ጨለማው ጥልቅ ሆነ፤ የሚገቡበት እስኪመስል ድረስ።

አንድ ነገር ብቻ አላማራቸውም። መጀመሪያ ሲሠሩ ሐዋርያቱ ሁሉ የሚያዩት ወደ ጌታ ነበር። አሁን ቄሰ ገበዙ በገቡ ቁጥር በብርሃኑ በኩል ያሉት ዓይኖች ወደ በሩ ነው የሚያዩት። ሲኖዳ አድሶት ይሆናል ብለው ቀረብ ብለው መረመሩ፤ ቀለሙ ደርቋል፤ ማንም አልነካውም። ሲወጡ ጀርባቸውን ሳይሰጡ፣ ወደ ኋላቸው እየሄዱ ወጡ። የገዛ ሕንፃቸውን ፈሩት፤ ይህም አናደዳቸው።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ የቀረው ግርጌው ብቻ ነበር።

«እኔን እንደ ለማኞቹ ከጎን አታስቀምጠኝ» አሉት። «ያን ከፊት ለፊት ያለውን መስኮት ክፈተው። ፊቴ ላይ ጨለማ አይኑር፤ በግራም በቀኝም። ሁለት ዓይን ነው የምፈልገው።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«እንዳሉ» አለ ሲኖዳ። ቄሰ ገበዙም በብልሃታቸው ተደሰቱ፤ ጨለማ ያልነካው ዓይን ምን ይሆናል?

በዚያው ቀን ሌላውንም ጉዳያቸውን ጨረሱ። እንዲህ ያለ እጅ ከደብረ ምጽላል ወጥቶ ለሌላ ደብር እንዲህ ያለ ግድግዳ እንዲሠራ አይፈቅዱም፤ ይህን የወሰኑት ጴጥሮስን ያዩ ዕለት ነው። ስንዱን ጠርተው በአዲስ እንስራ ወደ መልካው ሲልኳት መልእክት አስጠኗት።

«ለዓምዴ ወንድሞች እንዲህ በያቸው። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ከምዕራቡ በር ውጭ ቁሙ። ቄሰ ገበዙ በእጃቸው ይዘው የሚያወጡላችሁ ሰው እሱ ነው። እጁ ቀለም የነካው ነው። የተማረ ነው፤ ቄስ ነኝ ይላችኋል፣ ገበዝ ነኝ ይላችኋል፤ ምላሱን አትስሙ።»

ስንዱ በልቧ ደግማው፣ «በሕማማት የሰው እጅ ይያዛል እንዴ፣ አባቴ?» አለች። በዚያ ሳምንት ሰው ከሰው እጅ ለእጅ አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፣ መስቀል እንኳ አይሳለምም፤ ይሁዳ በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና።

«ለዚህ እኮ ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ ፈገግ ብለው። «በዚህ ሳምንት እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሄድ ሌላ ሰው የለም። አይሳሳቱም።»

«ምላሱን አትስሙ» አለች ስንዱ፣ ለራሷ እየደገመች፤ እንስራዋንም አዝላ ወረደች። ስትመለስ ግን ቀጥታ ወደ ማድጋው አልሄደችም። ቄሰ ገበዙ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሆነው በአዲሱ ሕንፃ በር ስትገባ አዩዋት። ውሃ ልታጠጣው ነው ብለው አለፉት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ካህናቱም ምእመናኑም በስተምሥራቅ በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይሰግዱ ነበር፤ «ኪርያላይሶን» የሚለው ድምፅ፣ የጉልበቱና የመዳፉ መሬት መምታት፣ እንደገና «ኪርያላይሶን»፣ በግቢው ውስጥ ሌላ የሚሰማ አልነበረም። ቄሰ ገበዙ ወደ አዲሱ ሕንፃ ገቡ። ከፊት ለፊት ያለው መስኮት ተከፍቷል፤ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግቶላቸዋል። ሲኖዳ ታጥቦ፣ ጢሙን አበጥሮ ቆሟል።

«ከጌታ ፊት በጥምጣም አይተኛም፤ ያውርዱት። ካባዎትንም ያኑሩልኝ። ይህን ዛጎል ደግሞ በእጅዎ ይያዙት፤ ያሠራው ሰው መሆንዎ እንዲታወቅ።»

ዛጎሉ ቀይ ቀለም ሞልቶበት ነበር። ሲይዙት ፈስሶ ጣቶቻቸውን፣ መዳፋቸውን፣ እስከ አንጓቸው ነካቸው። ቅር አላላቸውም። ምንጣፉ ላይ በደረታቸው ተኝተው ራሳቸውን ቀና አደረጉ፤ የፀሐዩ ሙቀት በሁለቱም ጉንጮቻቸው ላይ እኩል አረፈ። ብሩሹ መላስ ጀመረ።

ብዙ ቆዩ። ከወለሉ የጉድጓድ ሽታ ይመጣ ነበር፣ ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ ሲከፈት የሚሸተው ዓይነት። ከፊታቸው በግድግዳው ላይ አሥራ አንዱ ሐዋርያትና ከዛፎቹ ኋላ የቆመችው እናት ያዩዋቸዋል፤ ያልተሣሉት ዓይኖችም፣ በጨለማው ውስጥ ያሉት፣ ያዩዋቸዋል፤ ይህን በምን እንዳወቁት አያውቁም፣ ግን አወቁት። ከግርጌው የራሳቸው ፊት እየወጣ ነበር። ግንባራቸው ወጣ። አፍንጫቸው ወጣ። አንድ ዓይን ወጣ፤ ከዚያ፣ አምላክ ይመስገን፣ ሁለተኛው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም እርጥብ፣ ሁለቱም ያያሉ።

«ደመና ሆነ መሰለኝ» አሉ ጥቂት ቆይተው።

«ጥርት ያለ ሰማይ ነው፣ አባቴ።»

«መስኮቱን ለምን ዘጋኸው?»

«አልዘጋሁም።»

ጉንጮቻቸው ላይ ፀሐዩ አሁንም ይሞቃቸው ነበር። ዓይናቸውን ሊገልጡ ሞከሩ፤ ተገልጧል። በእጃቸው አሹት፤ ቀለሙ ቆጠቆጣቸው። መጨረሻ ያዩት የራሳቸው ሁለት ዓይኖች ሲሆኑ፣ ከሁሉም ይልቅ ያስፈራቸው እነዚያ ዓይኖች አሁንም ከግድግዳው ላይ ቁልቁል እያዩዋቸው መሆኑን ማወቃቸው ነው።

«ጨርሻለሁ» አለ ሲኖዳ። «እንዳዘዙኝ ሁለት ዓይን። እንዲህ ያማረ ሠርቼ አላውቅም።»

«አላይም» አሉ ቄሰ ገበዙ በቀጭን ድምፅ። «ሲኖዳ፣ አላይም።»

«ዳስ ዳስ አይበሉ፤ ይወድቃሉ። ይምጡ፣ ወደ ውጭ ላውጣዎት፤ ነፋስ ይሻልዎታል።»

ሞቅ ያለ እጅ እጃቸውን ያዘ። ቄሰ ገበዙም ሙጭጭ አድርገው ያዙት። ሕማማት መሆኑን ረስተውታል፤ የማያይ ሰው የተሰጠውን እጅ ይዞ ይሄዳል እንጂ ምን ያደርጋል። ደፉን አለፉ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ተንኮሻኮሸ። ከሩቅ «ኪርያላይሶን» ይላሉ፤ ድምፁ በስተጀርባቸው ሲሆን፣ ወደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ እንዳልሆነ ገባቸው። የለመዱት የካባቸው ዘርፍ ሲንሿሿ ሰሙ፤ ከእሳቸው ላይ ግን አልነበረም።

በቅርብ የስንዱ ድምፅ መጣ፤ ለእሳቸው አልነበረም የምትናገረው።

«ጥምጣሙን ወደ ግንባርህ ዝቅ አድርገው። እሳቸው እንዲያ ነው የሚያስሩት።»

ከዚያ የምዕራቡ በር ማጠፊያ ጮኸ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ውጭ ያለውን ሣር ረገጡ። በቅሎ አነጠሰች። የሁለት ሰው ትንፋሽ ቀረበ።

«አባታችን፣ ይባርኩን፤ እሱ ነው?» አለ ወፍራም የቆላ ድምፅ።

«እኔ ነኝ ቄሰ ገበዙ!» ብለው ጮኹ ዘርዐ ቡሩክ። «ልጆቼ፣ እኔ ነኝ ገበዙ፤ ዓይኔን አጥፍቶት ነው እንጂ፣ ይሄ የያዘኝ ነው ሰዓሊው፣ እዩት…»

አንደኛው ወንድም ሳቀ። «እንዲህ ይላችኋል ተብለናል» አለ፤ ቀለም የነካውን እጃቸውንም ገልብጦ አየ። ከግቢው ውስጥ ጉልበቶቹ አንድ ላይ መሬቱን መቱ፤ «ኪርያላይሶን»።

ቄሰ ገበዙ ይዟቸው የመጣውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨመደዱት፤ እጁም ጥቂት እንደ መታገሥ ብሎ፣ ቀስ እያለ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈታ፤ ከዚያ ሲኖዳ እንደ ቄስ በረጋ ድምፅ፣ እሳቸው ስንዱን ባስጠኗት ቃል፣ «ምላሱን አትስሙ» አለ።